ንፋስ ስልክ ላፍቶ የማን ሰፈር ነው?

ሜክሲኮ አደባባይ ቆሞ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ያዳመጠ ሰው የአዲስ አበባን ደቡብ በአንድ ትንፋሽ ይማራል። «ሳር ቤት፣ ጀርመን፣ መካኒሳ፣ ጀሞ! ሁለት ሰው ጀሞ!» ይላል ረዳቱ። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ብዙዎቻችን በዚህ ጥሪ ተሳፍረን ዘመድ ጠይቀናል፤ የእሑድ ምሳ በልተን፣ ልብሳችንን አሳጥበን፣ ለመመለሻ የሚሆን ሳንቲም ተቀብለን ወደ ግቢያችን ተመልሰናል። ነገር ግን ከተጠሩት ስሞች አንዱ እንኳ ከወዴት እንደ መጣ፣ በዚያ መሬት ላይ ከእኛ ዘመዶች በፊት ማን ይኖር እንደ ነበር ጠይቀን አናውቅም። ስለ ማንቸስተር የሠራተኞች መንደሮች ፈተና ተቀምጠናል፤ ውጤቱም መጥፎ አልነበረም። ስለ መካኒሳ ግን አንድ መስመር እንድንጽፍ ብንጠየቅ ወረቀታችን ባዶ ይቀር ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለማሰናዳት አምስት ሆነን አንድ እሑድ ጧት ከሳር ቤት ተነሣን። በብስራተ ገብርኤልና በመካኒሳ አድርገን፣ ላፍቶን አቋርጠን፣ ከቀትር በኋላ ጀሞ ደረስን። ከመካከላችን ሁለቱ የዚያው ክፍለ ከተማ ልጆች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ መንገዱን እንጂ ታሪኩን አያውቁትም ነበርና በመንገዳችን ላይ ያፈሩት እነሱ ናቸው።

ከስሙ እንጀምር። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። አባቶቻችን ድምፅን በሽቦ የሚያስተላልፈውን መሣሪያ በሽቦው ስም ጠሩት። ኋላ ደግሞ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ ሌላ መሣሪያ ሲመጣ፣ ሽቦው ንፋስ ሆነና «የንፋስ ስልክ» ተባለ። የሠፈሩም ስም የተገኘው ከዚሁ ከሽቦ አልባው የመልእክት ማስተላለፊያ ነው። ከከተማው በስተደቡብ አቃቂ ላይ በተተከለው የራዲዮ ጣቢያ አማካይነት ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1928 ዓ. ም. የጣልያንን ወረራ ዋዜማ አስመልክተው ለዓለም መናገራቸው የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ይህ የደቡብ ሜዳ የከተማው አፍና ጆሮ ነበር ማለት ይቻላል። እኛ በበኩላችን ይህን ስም ያወጣውን ስሙ የማይታወቅ ሰው እናደንቃለን። ዛሬ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ለቃል ፍለጋ ጉባኤ እንቀመጣለን፤ ያ ሰው ግን ንፋስና ስልክን አጋብቶ ጨረሰው።

ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው። ከግራር ወገን የሆነ፣ ጥላው ሰፊ፣ ከብት የሚያርፍበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዛፍ። የሠፈሩን ስም በቀን መቶ ጊዜ የሚጠራው የከተማ ሰው ግራር መጥራቱን አያውቅም። እኛም ያን ቀን ላፍቶ አደባባይ ቆመን የላፍቶ ዛፍ ብንፈልግ አላገኘንም። መብራት፣ ባንክ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብርና ካፌ አገኘን፤ ካፌው እንኳ ስሙ የፈረንጅ ነው።

በ1995 ዓ. ም. አዲስ አበባ በዐሥር ክፍለ ከተሞች ስትደራጅ ሽቦ አልባው ስልክና የግራሩ ዛፍ በአንድ ማኅተም ላይ ተጻፉ። አንዱ ከመንግሥትና ከፋብሪካ ጋር የመጣ ስም ነው፤ ሌላው ከገበሬው ዘንድ የቆየ ስም ነው። ይህን የክፍለ ከተማ ስም የሰየሙት ባለ ሥልጣኖች ይህን አስበው አደረጉት አንልም። ነገር ግን የአካባቢውን ታሪክ ለመጻፍ ለሚነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ አርእስት አይገኝም።

በመካከላቸው ያሉት ስሞችም እንደዚሁ ይናገራሉ። ጎፋ ሠፈር በደቡብ ኢትዮጵያ ባለው በጎፋ ሕዝብ ስም ይጠራል። የአዲስ አበባ ቀደምት ሠፈሮች በሰፈረባቸው ጦርና በሕዝቡ የትውልድ አገር ይጠሩ እንደ ነበር የታሪክ መምህራን አስተምረውናል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር እንናዘዝ። በሐምሌ 2016 ዓ. ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ፣ ዜናውን በሰማንበት የመጀመሪያ ቅጽበት ወደ አእምሯችን የመጣው የታክሲው መውረጃ ነበር። የሕዝብን ስም ወስደን መውረጃ አደረግነው፤ ሕዝቡን ረሳነው።

ሳር ቤት በሣር ክዳን ቤት፣ ቄራ በከብት ማረጃው፣ ጋርመንት በልብስ ስፌቱ ድርጅት፣ ቫቲካን በጳጳሱ እንደራሴ መኖሪያ፣ ኦልድ ኤርፖርት አውሮፕላኑ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቦሌ ሳይዛወር ያርፍበት በነበረው በልደታው ሜዳ ይጠራሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት አደባባዮች ፑሽኪን፣ ካርል፣ ጀርመን ናቸው። ካርል የተባሉት ኦስትሪያዊው ካርልሀይንዝ በም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመሠረቱት የእርዳታ ድርጅት ለአገራችን ገጠር ብዙ የደከሙ ሰው ስለ ሆኑ ስማቸው ይገባቸዋል። ፑሽኪንም የአያቱ አባት አፍሪካዊ ነው ተብሎ ስለሚታመን እንደ ዘመድ ቆጥረነዋል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ ሁሉ አደባባይ መካከል በዚያ መሬት ላይ ያረሰ የአንድ ሰው ስም የተሰጠው አንድ ቦታ አለን? እኛ አላገኘንም።

ስለ ምሥራቁ ወገን፣ ማለት ስለ ንፋስ ስልክና ስለ ሳሪስ፣ ባጭሩ እንለፍ፤ ምክንያቱም ይህ ክፍል ቢያንስ በፋብሪካ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ባቡርና የደብረ ዘይቱ መንገድ ጎን ለጎን ወደ ደቡብ ስለሚወርዱ፣ ጥሬ ዕቃ የሚያስመጣና ሸቀጥ የሚያወጣ ሁሉ በዚህ ዳር ላይ ሠፈረ። የንፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካና የአደይ አበባ ክር ፋብሪካ የዚህ ታሪክ ልጆች ናቸው። ከ2008 ዓ. ም. መግቢያ ጀምሮ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው የከተማ ባቡርም ንፋስ ስልክ፣ አደይ አበባ፣ ሳሪስ እያለ በእነዚሁ ስሞች ይቆማል። የፋብሪካው ሠራተኛ ሠፈር ስም ጣቢያ ሆኖ ተረፈ። ወደ ምዕራብ የተሻገርን እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መካኒሳ ስንደርስ ወንዙ ዳር ወረድን። ትንሹ አቃቂ ይባላል። ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ፣ የቆዳ ፋብሪካውንና የየቤቱን ፍሳሽ እየተቀበለ፣ በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በደርግ ዘመን በዚህ ወንዝ ዳር የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አትክልት አምራቾች ተሰባስበው አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሰላጣውን፣ ቆስጣውን፣ ጥቅል ጎመኑን ለከተማው ያቀርቡ ነበር። ስለ ከተማ እርሻ በሚጽፉ የውጭ አገር ምሁራን ዘንድ ይህ ማኅበር የታወቀ ነው፤ በኛ ዘንድ ግን አንድም ሰው ስሙን ሰምቶ አያውቅም ነበር። አንዳችን «እኛ እኮ የምናጠናው ካፒታሊዝም ነው» ብሎ አሳቀን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ወንዝ በሚጠጣው አፈርና አትክልት ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ለጤና የሚያሰጉ ብረቶችን ካገኙ ብዙ ዓመት አልፏል። ይህ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ወቀሳው የሚወርደው በአትክልተኛው ላይ ነው። «በቆሻሻ ውሃ አትክልት እያበቀሉ ሕዝብ ይመርዛሉ» ይባላል። እስቲ በቅን ልቡና እንጠይቅ፤ ወንዙን የበከለው አትክልተኛው ነውን? እሱ የተቀበለውን ውሃ አጠጣ። የበከለው ከላይ ነው፤ ከላይ ያለው ደግሞ ሰላጣውን ገዝቶ የሚበላው ከተሜ ነው። ወደ ታች የፈሰሰው ቆሻሻ በጎመን መልክ ወደ ላይ ሲመለስ ጊዜ ነው እንጂ፣ ወንዙ ወደ ላፍቶ ገበሬ ደጃፍ ብቻ ሲፈስስ ማንም አልተናገረም። በዚያው በምዕራቡ አዋሳኝ፣ በኮልፌ በኩል፣ ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመርበት ኖሮ በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ገደለ። ከተማው የማይፈልገውን ሁሉ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይገፋል፤ በዚያ ሰው መኖሩን የሚያስታውሰው ሲሞት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ።

የኛ ወንድሞች በየካቲት 1957 ዓ. ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ጎዳና ሲወጡ፣ ይህ ላፍቶ የምንለው አገር የእርሻ አገር ነበር። በዓመቱ በግንቦት 1958 ዓ. ም. ደግሞ ለማኞችንና ድኾችን ሰብስቦ ሾላ ላይ ያጎረውን ሰፈር ተቃውመው «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ጠየቁ። እነዚህን ሁለት ቀኖች በየዓመቱ እንጠቅሳቸዋለን፤ በየንግግራችን መግቢያ ላይ እንደ ጸሎት እንደግማቸዋለን። የመጀመሪያው መልስ አገኘ፤ በየካቲት 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ነገር ግን አራሹ መሬቱን ያገኘው ከተማው እስኪደርስበት ድረስ ብቻ ነበር። ከተማው ሲደርስበት ጊዜ፣ ባለ ርስቱን የተካው መንግሥት «መሬቱ የኔ ነው፣ የአንተ የሆነው ሰብሉ ብቻ ነው» አለው።

ይህ ማጋነን እንዳይመስል ሕጉን እንጥቀስ። በ1997 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ እርሻው ለሚወሰድበት ገበሬ የሚከፈለውን ካሣ በአማካይ የዓመት ገቢው ዐሥር እጥፍ ወሰነው። በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ወደ ዐሥራ አምስት ከፍ አድርጎታል፤ ለዚህ መሻሻል ምስጋና ይገባል። ዳሩ ግን ሁለቱም የሚለኩት ጤፉንና ሽምብራውን ነው። ያው ካሬ ሜትር ነገ በሊዝ ጨረታ ላይ የሚያወጣው ዋጋ በካሣው ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ለአንድ ሰው ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት ሰጥተህ ከልጅ ልጁ ርስት ብታወጣው፣ በዐሥራ ስድስተኛው ዓመት ምን ይብላ? ይህን የሒሳብ ጥያቄ ለኢኮኖሚክስ ክፍል ጓደኞቻችን ትተንላቸዋል።

ጀሞ ላይ ያየነው ይህንን ነው። በ1996 ዓ. ም. በገርጂ ሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ በፍጥነት ተስፋፋና፣ በ1997 ዓ. ም. ለቤት የተመዘገበው ሕዝብ ከ450,000 በለጠ። ያን ያኽል ሰው ቤት ሲጠይቅ ባዶ መሬት መፈለግ ግድ ነው፤ ባዶ የተባለው መሬት ደግሞ የሰው እርሻ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት እየተባሉ ፎቆቹ በመረሬው አፈር ላይ ተደረደሩ። እኛ የጋራ ቤቶቹን አንጠላም። ከመካከላችን አንዱ ያደገው እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እናቱ ዕጣው የወጣላቸው ቀን ያለቀሱትን ልቅሶ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። በቀበሌ ቤት ውስጥ ከስምንት ሰው ጋር አንድ መጸዳጃ ሲጋራ ለኖረ ቤተ ሰብ ቁልፍ ማግኘት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው ያገኘው ነው። ስለዚህ «ኮንዶሚኒየም ክፉ ነው» ብሎ ለመጻፍ የሚቀናው ሰው፣ ከፎቁ ላይ ሆኖ እንጂ ከቀበሌ ቤት ሆኖ አይጽፈውም።

ግን አንዱን ሕንፃ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አነጋገርን። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ከዘበኛ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ቀድሞ እዚህ ምን ነበር?» ብንላቸው፣ «ጤፍ» አሉን። «የማን ጤፍ?» አልናቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ከየት ነው የመጣችሁት?» ብለው መልሰው ጠየቁን። ከዩኒቨርሲቲ መሆናችንን ስንነግራቸው ወንበር አስመጡልን። የወንዙን ስም፣ የጉብታውን ስም፣ ከብት ያጠጡበትን ምንጭ ስም፣ የጎረቤታቸውን የማሳ ድንበር በጣታቸው እያሳዩ ነገሩን። ምንጩ ያሉት ቦታ ላይ የመኪና ማቆሚያ አለ። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም። ያረሱትን መሬት ዛሬ በወር ደመወዝ ይጠብቁታል፤ ከዚያ በላይ የተናገሩት የለም፤ አላማረሩምም።

ከፎቁ የወረዱ አንዲት እናት አጠገባችን ቆመው ያደምጡ ነበር። እሳቸው ከመሐል ከተማ፣ ሠፈራቸው ፈርሶ የመጡ ናቸው። ዕድራቸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ሰው በሞተ ቁጥር ሁለት ታክሲ ይዘው ይሄዳሉ። ለዐሥር ዓመት ያኽል በየጧቱ «እንደምን አደሩ» የሚሏቸው ዘበኛ የመሬቱ አራሽ መሆናቸውን ግን ያን ቀን ከእኛ ጋር ሰሙ። «ውይ አባባ፣ ለካ የእርስዎ ነው?» አሉ። አዛውንቱም፣ «የመንግሥት ነው እንጂ» አሉና ሳቁ። አንዷ ከመሐል የተነቀለች፣ አንዱ ከዳር የተነቀለ፣ በአንድ በር ላይ ሲተላለፉ ኖረዋል። እኛ ደግሞ በመካከላቸው ሻይ ስንጠጣ።

የባሰው ደግሞ ከዚህ ወደ ደቡብ ነው። ገበሬው መሬቱ ነገ በትንሽ ካሣ እንደሚወሰድ ሲያውቅ፣ ዛሬ በተሻለ ዋጋ በጎን ለቤት ፈላጊ ይሸጣል። ቤት ፈላጊውም የከተማ ኪራይ ያስመረረው ደሃ ነው፤ ቆርቆሮና ጭቃ ሰብስቦ በአንድ ሌሊት ያቆማል። ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ይለዋል፤ ጨረቃ እንጂ መንግሥት ሲሠራ አላየውምና። ልጆች ይወለዳሉ፣ መብራት በሆነ መንገድ ይገባል፣ ዕድር ይቋቋማል፤ ከዓመታት በኋላ አፍራሽ ግብረ ኃይል ይመጣል። በሰኔ 2008 ዓ. ም. በዚሁ ክፍለ ከተማ በሃና ማርያም አካባቢ በቀርሳ ኮንቶማ ክረምቱ በገባበት ወቅት የጅምላ ማፍረስ ተጀምሮ ግጭት ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። የሞቱት የመንግሥት ሠራተኞችም የድኻ ልጆች ነበሩ፤ የፈረሰባቸውም የድኻ ልጆች ነበሩ። ሕግ መከበር የለበትም አንልም። የምንለው፣ ሕጉ ካሣውን አሳንሶ ገበሬውን ወደ ስውር ሽያጭ ከገፋ በኋላ፣ የቤቱ ዋጋ ደሃውን ወደ ስውር ግዢ ከገፋ በኋላ፣ የሌሊቱን ቤት ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ፍርድ አይደለም። ኧረ ለመሆኑ ቤቱ ለዓመታት ሲቆም ያ ባለ ሥልጣን በየት በኩል ነበር የሚያልፈው?

ይህ ነገር የመላ አገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች እንዳናወጠ የማያስታውስ የለም። በ2006 ዓ. ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ምድር ያጣመረው የጋራ ዕቅድ ሲሰማ፣ በሚያዝያ ወር የኦሮሞ ተማሪዎች በየግቢያቸው ተነሡ፤ ከኛው እኩዮች ብዙዎች ሞቱ፣ ታሰሩ። በኅዳር 2008 ዓ. ም. ተቃውሞው ዳግመኛ ተቀጣጠለና በጥር ወር ዕቅዱ ተሰረዘ። ያን ጊዜ በመኝታ ቤቶቻችን ውስጥ የነበሩ ታላላቆቻችን በሁለት ተከፍለው ነበር ይባላል። አንዱ ወገን «ከተማ ማደግ የለባትም ወይ?» ይላል፤ ሌላው «በማን ላይ?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ አንዱ የአንዱን ጥያቄ እንደ ጠላት ቃል ይሰማው ነበር። በነሐሴ 2014 ዓ. ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በስምምነት ተወሰነ፤ በ2015 ዓ. ም. ደግሞ የሸገር ከተማ ተመሠረተ። ፉሪና ላፍቶን አሁን የሚለያቸው የአስተዳደር መስመር ነው። ለአዛውንቱ ዘበኛ ግን የማሳው ድንበር ምንጩ ነበር፤ ምንጩ ከሌለ መስመሩ የትም ቢሆን አይገዳቸውም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ረቂቅ አንብበው «ስም ዳቦ አይሆንም፤ ሕዝቡ የቸገረው ስም ነውን?» አሉን። ተቃውሞው ቀላል አይደለምና እንመልስ። በመጀመሪያ፣ ስም ማስረጃ ነው። ካሣ የሚከፈለው በወረቀት ነው፤ ወረቀት የሌለው ገበሬ ማሳውን የሚያስረዳው በምንጭ፣ በዛፍ፣ በጉብታና በጎረቤት ስም ነው። ቦታው «ወረዳ 01» ወይም «ሳይት ሦስት» ተብሎ የተጻፈ ዕለት የሰውዬው ምስክር ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛም፣ በፎቁ ላይ ያለው ሕዝብ ባዶ ሜዳ ላይ እንደ ሠፈረ እስካመነ ድረስ፣ የተነሣው ሰው ሲጮኽ ጩኸቱን የዘር ጩኸት አድርጎ ይሰማዋል። የጤፉን ባለቤት በስሙ የሚያውቅ ግን፣ ጩኸቱ የካሣ ጩኸት መሆኑን ቢያንስ ይጠረጥራል። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አግኝተን አይደለም፤ ያቺ እናት «ለካ የእርስዎ ነው?» ሲሉ ፊታቸውን አይተን ነው።

በእርግጥ ሁሉ ነገር ጠፍቷል አንልም። በ2013 ዓ. ም. ከፒያሳ የተነሣው አትክልት ተራ ወደ ላፍቶ፣ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ሲዛወር ጎመኑ ጎመን ወደሚበቅልበት አገር ተመለሰ ብለን ቀልደን ነበር። ከዚያም ወዲያ ሌቡ ላይ የአዲሱ የጂቡቲ ባቡር ጣቢያ አለ። የቀድሞው ባቡር ፋብሪካን ወደ ሳሪስ እንደ ሳበ ሁሉ፣ ይኸኛውም አንድ ነገር መሳቡ አይቀርም። ሰሞኑን መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ዳሩ ሣር ለብሷል። ያማረ መንገድ ላይ መሄድ እኛም ደስ ይለናል። ስንሄድበት ግን ለሣሩ ቦታ የለቀቀው ማን ነው፣ ወዴትስ ሄደ ብለን እንጠይቃለን፤ ሣር መትከል ይህን ጥያቄ ከመጠየቅ ነጻ አያወጣምና።

ስለዚህ ለማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ ሦስት ነገር አቅርበናል። የመጀመሪያው፣ ከንፋስ ስልክ፣ ከላፍቶ፣ ከመካኒሳ፣ ከሌቡ፣ ከጀሞና ከፉሪ የመጡ ተማሪዎች ተሰብስበው፣ ኦሮምኛ የሚችሉት በኦሮምኛ፣ አማርኛ የሚችሉት በአማርኛ፣ ከሽማግሌዎች የወንዙንና የጉብታውን ስም እንዲመዘግቡ ነው። ሁለተኛው፣ የሕግ ክፍል ተማሪዎች በየሳምንቱ አንድ ቀን የካሣ ክርክር ላለባቸው ሰዎች ማመልከቻ እንዲጽፉ ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ አንድ ገጽ ማመልከቻ ለማጻፍ የሚጠየቀውን ገንዘብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሦስተኛው ለከተማው አስተዳደር ነው። ለልማት የሚወሰድ ቦታ ሁሉ፣ ከመወሰዱ በፊት የቀድሞ ስሙና የአራሾቹ ስም በካርታ ላይ ተጽፎ፣ ካርታው ማንም ሰው ገብቶ በሚያየው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ወረቀትና ሐቀኛ ጸሐፊ ይበቃዋል። የጋራ ቤቶቹም በቁጥር ፋንታ በምንጩና በዛፉ ስም ይጠሩ ብንል ብዙ የጠየቅን አይመስለንም።

የመጀመሪያውን ሥራ እኛው ጀምረነዋል። ካርታውን በእርሳስ ስለን በሚቀጥለው እሑድ ለአዛውንቱ ይዘንላቸው ሄድን። መነጽራቸውን ካደረጉ በኋላ ብዙ ጊዜ አዩትና ምንጩን በተሳሳተ ቦታ እንዳስቀመጥነው ነገሩን። እርሳሱን ከእጃችን ወስደው ወደ ምሥራቅ፣ የሕፃናት መጫወቻው ያለበት ጥግ ላይ፣ ነጥብ አደረጉ። ከነጥቡ አጠገብ አንድ ዛፍ ሣሉ። «ላፍቶ ነው?» አልናቸው። «ሌላ ምን ይሆናል» አሉ። ካርታው በማኅበሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በአካባቢው ያደገ ወይም ዘመድ ያለው ሁሉ መጥቶ የጎደለውን ይሙላበት።